ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው፤ ዘንድሮ አብረን ምን እንጸልይ?

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ (ኅዳር 9 ቀን 2018)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እንዴት ሰነበታችሁ?

ወርኃ ጽጌን በሰላም አስፈጽሞናል። ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ነው። ከዚያ ሰኞ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆነን ግቢ ጉባኤ ሳለን በዚህ ሰሞን ሁላችንም አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበርን። አሁን ግማሻችን አዲስ አበባ፣ የቀረው ደግሞ ዋሽንግተን፣ ፍራንክፈርት፣ ሪያድ፣ ደሴ ተበትነናል። በወር አንድ ጊዜ ለጽዋችን በስልክ እንገናኛለን። ጸሎቱን ግን እያንዳንዳችን ለየብቻችን ይዘነዋል።

ዘንድሮ በዚህ ጾም አንድ የጋራ ጸሎት ይኑረን ብዬ ነው የምጽፈው። ትልቅ ፕሮግራም አላሰብኩም። ወቅቱ ራሱ የሚለውን አብረን እንበል ነው ሐሳቤ።

ይህ ጾም ስሙ ብዙ ነው። የነቢያት ጾም፣ የአዳም ጾም፣ የስብከት ጾም፣ የገና ጾም ይባላል። በየትኛውም ስም ብንጠራው ነገሩ መጠበቅ ነው። አዳም የተሰጠውን ተስፋ ይዞ ጠበቀ። ነቢያት የተናገሩትን ሳያዩ አለፉ። ኢሳይያስ ሰማዩን ቀደህ ምነው በወረድክ እያለ ጮኸ። ዕንባቆም ቢዘገይም ታገሠው ተባለ።

እኛስ? የመኖሪያ ወረቀት የምትጠብቅ እኅት አለችን። ተመርቆ ሥራ ያጣ ወንድም አለን። ልጅ የሚጠብቁ ባልና ሚስት አሉ። አባቷ አልጋ የያዙባት አለች። የአገር ሰላም ደግሞ የሁላችንም ጥበቃ ነው። አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር «መጸለይ ደከመኝ» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። አምናለሁ፣ ይህ ጾም ከማንም በላይ ለእናንተ ነው። የደከመ ሰው ከራሱ ቃል እንዲያወጣ አይጠበቅበትም። ቤተ ክርስቲያን ቃሉን አዘጋጅታ አስቀምጣለታለች።

ስለዚህ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ቀጥሎ መዝሙር 129ን በየቀኑ ብንል ብያለሁ። «አቤቱ ከጥልቅ ወደ አንተ ጠራሁ» የሚለው ነው። በአንዳንዱ ኅትመት 130 ስለሚል እንዳትደናገሩ። ስምንት ቁጥር ብቻ ናት። ታክሲ ውስጥም ትባላለች። እሑድ እሑድ ማታ በአዲስ አበባ ሰዓት 3 ሰዓት ላይ በስልክ ተገናኝተን አብረን እንላታለን። ምን ትላላችሁ?


ወልደ ዳዊት፣ ፍራንክፈርት (ኅዳር 9)

እኅታችን እግዚአብሔር ይስጥልን። አብሮ መጸለዩን በጣም እፈልገዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። አንድ መዝሙር አነሰ።

ግቢ እያለን ዳዊቱን በሳምንት እንጨርስ ነበር። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያቱና መኃልየ ሰሎሞን። ስግደቱም ነበረ፣ 41 ኪርያላይሶኑም ነበረ። ያኔም ፈተና ነበረብን፣ ያኔም ይርበን ነበር። አሁን ሥራ ስለያዝን ሁሉን ካሳነስነው የሚቀርልን ምንድን ነው? ጾሙ 44 ቀን ነው። በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ትንሽ መጨከን አለብን ባይ ነኝ።


የሌሊት ተረኛ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ኅዳር 9)

ወንድሜ ወልደ ዳዊት፣ ቁጣህ ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ሆስፒታል ሌሊት ነው የምሠራው። 12 ሰዓት ሙሉ ቆሜ ነው የማድረው። ጠዋት ቤት ስገባ ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ እተኛለሁ። ውዳሴ ማርያም ይዤ እንቅልፍ የወሰደኝ ቀን ብዙ ነው።

የለመድኩት አንድ ነገር አለ። ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ መንፈቀ ሌሊት ነው አይደል? አገር ቤት ሳለሁ እሱን ሰዓት አንድም ቀን ነቅቼ አላውቅም። አሁን ግን በግድ ነቅቻለሁ። እኩለ ሌሊት ላይ የበሽተኞቼን መድኃኒት ሰጥቼ ስመለስ ኮሪደሩ መጨረሻ ያለው መስኮት ጋ እቆማለሁ። አቡነ ዘበሰማያት፣ ከዚያ በዚያ ሌሊት የያዝኳቸውን ሰዎች በየአልጋቸው እያሰብኩ እግዚኦ ተሣሃለነ እላለሁ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ይኸው ነው ያለኝ። መዝሙር 129 ውስጥ «ከሌሊት ጠባቂ ይልቅ» የሚል አሳብ አለ፤ ሌሊቱ መች ይነጋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው። እሱን እዚያ መስኮት ጋ ቆሜ ለማለት ጓጉቻለሁ።

የጋራው ትንሽ ይሁን። የግሉን ደግሞ እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ጋር ይጨርስ።


ዲያቆኑ፣ አዲስ አበባ (ኅዳር 10)

ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያሉትን ሳምንታት እኔ ልጨምር። ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ። የየእሑዱ ምስባክ፣ ከወንጌሉ በፊት የሚዜመው የዳዊት ቃል፣ ራሱ ጸሎት ነው። ያውም የደከመው ሰው ሊይዘው የሚችል አጭር ጸሎት።

ስብከት ዘንድሮ እሑድ ታኅሣሥ 12 ነው። ምስባኩ «ፈኑ እዴከ እምአርያም፤ አድኅነኒ ወባልሐኒ» ነው፣ መዝሙር 143፥7። እጅህን ከላይ ላክና አድነኝ፣ ከብዙ ውኃ አውጣኝ ማለቱ ነው። ወንጌሉ ከዮሐንስ 1፥44 ጀምሮ ፊልጶስ ናትናኤልን የሚያገኝበት ነው። ናትናኤል ከናዝሬት ደግ ነገር ሊወጣ ይችላልን ሲለው ፊልጶስ ክርክር አልገጠመም። መጥተህ እይ ነው ያለው። ከማኅበሩ የራቀ ጓደኛ ያላችሁ በዚያ ሳምንት ደውሉለት። ለምን ቀረህ አትበሉት። ና ብቻ በሉት።

ኖላዊ ታኅሣሥ 26 ነው። ምስባኩ መዝሙር 79፥1፣ «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምዕ»፤ የእስራኤል ጠባቂ ሆይ አድምጥ። ወንጌሉ ዮሐንስ 10፣ ቸር ጠባቂው ነው።

መካከለኛውን ወደ ኋላ ያቆየሁት ብዙ የምለው ስላለኝ ነው። ብርሃን ታኅሣሥ 19 ነው። ዘንድሮ በዚያው ዕለት የገብርኤል በዓል ይውላል። ምስባኩ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» ነው፣ መዝሙር 42፥3። ወንጌሉም ዮሐንስ 1 ከመጀመሪያው ነው። ብርሃንህንና እውነትህን ላክልኝ፣ እነሱ ይምሩኝ። ወረቀት ለምትጠብቀው እኅታችንም፣ ሥራ ላጣው ወንድማችንም ይሆናል። መንገዱ ያልታየው ሰው ጸሎት ነውና።

ገብርኤል ሲነሣ ሁላችንም ሠለስቱ ደቂቅንና እሳቱን እናስባለን። እባካችሁ ከእሳቱ በፊት ያለውን ምዕራፍም አንብቡት፣ ዳንኤል 2ን። ንጉሡ ሕልሜን ከነፍቺው ካልነገራችሁኝ ትሞታላችሁ ብሎ የባቢሎንን ጠቢባን ሁሉ አስፈርዶባቸዋል። ዳንኤል ምን አደረገ? ወደ ቤቱ ሄዶ ነገሩን ለሦስቱ ጓደኞቹ ነገራቸው። ከሰማይ አምላክ ምሕረትን እንዲለምኑ ጠየቃቸው። ዳንኤል ያህል ነቢይ ጸልዩልኝ አለ። ምሥጢሩም የተገለጠለት ሌሊቱን ነው። እሳት ውስጥ አብረው ያመሰገኑት እነዚያ ሦስቱ፣ አስቀድመው አብረው የለመኑ ናቸው።

እኛ ጋ ግን የተለመደው ሌላ ነው። ችግሩ ካለፈ በኋላ ምስክርነት ይዘን እንመጣለን። በችግሩ መካከል ግን እንጠፋለን። ማኅበር ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው? ዝርዝሩን መናገር የከበደው የክርስትና ስሙን ብቻ ለጸሐፊያችን በውስጥ ይላክ። ስሙ ይበቃል።

ሌላ፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በበዓላት ስግደት እንደሌለ ታውቃላችሁ። ገና ዘንድሮ ረቡዕ ነው። ማክሰኞ ታኅሣሥ 28 ገሃዱ፣ የዋዜማው ጾም ነው።


ከሪያድ (ኅዳር 10)

ሰላም እኅቶቼና ወንድሞቼ። ሁሉንም አንብቤዋለሁ፣ አልቅሼም አንብቤዋለሁ።

እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም። ሰው ቤት ነው የምሠራው። መጽሐፍ ገልጬ መጸለይ አልችልም። የእመቤታችን ሥዕል ሻንጣዬ ውስጥ ልብስ መካከል ናት። የምጸልየው ልብስ ስተኩስ ነው። ልጆቹ ሲተኙ ያን ሁሉ ልብስ ይዤ ጓዳ እገባለሁ። ነጭ ልብሳቸው ረጅም ነው፣ አንገቱና እጅጌው ጊዜ ይፈልጋል። አንዱን ስጀምር አባታችን ሆይ እላለሁ። ደረቱ ላይ ስደርስ እመቤቴ ማርያም ሆይ። ሰቅዬው ሌላ ሳነሣ እንደገና። ማንም አይሰማኝም። እንፋሎቱ ድምፅ አለው።

ጾሙን በዳቦና በሻይ እይዘዋለሁ፣ ፉል ካለም በፉል። እመቤትየዋ አሞሽ ነው ወይ ትለኛለች። ደህና ነኝ እላታለሁ።

መዝሙር 129ን በቃሌ አላውቀውም። በድምፅ ብትልኩልኝ በአንድ ጆሮ እየሰማሁ እይዘዋለሁ። እሑድ ማታ 3 ሰዓት እኛም ጋ ያው 3 ሰዓት ነው፣ ግን እራት የማቀርብበት ነው። እኔን አትጠብቁኝ። ኮንትራቴ አልቋል፣ ፓስፖርቴን ግን ገና አልመለሱልኝም። ዲያቆን በችግር መካከል እንጠፋለን ስላልክ ነው ይህን የጻፍኩት። ጸልዩልኝ።


የማኅበሩ ጸሐፊ (ኅዳር 10)

እኅቴ፣ ዛሬ ማታ በድምፅ እልክልሻለሁ። ቀስ አድርጌ ነው የማነበው፣ በየቁጥሩ እያቆምኩ፣ አንቺ እንድትደግሚው። ፓስፖርቱን በሚመለከት እዚያ ያለውን የኤምባሲ ጉዳይ የሚያውቅ አንድ አባል አለን፣ በውስጥ አገናኛችኋለሁ። በጸሎት ብቻ አንተውሽም።


አራስ ቤት፣ አዲስ አበባ (ኅዳር 10)

እኔም ልናገር እንግዲህ። ሴት ልጅ ነው የተገላገልኩት። ሰማንያ ቀኗ የሚሞላው በጾሙ መካከል ነው። እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም፣ አልጾምም። ሁሉም ስለ ጾም ሲያወራ ከውጭ የቀረሁ ይመስለኛል። ሌሊት ሳጠባት ስልኬን ከፍቼ እዚህ የምትጽፉትን አነባለሁ። ይህም ይቆጠርልኛል ወይ?


እናታችሁ፣ ደሴ (ልጇ ጽፋላት፣ ኅዳር 11)

ልጆቼ እንደምን ናችሁ? ልጄ እያነበበችልኝ ነው። የአንዱ አባላችሁ እናት ነኝ፣ ልጄ ሲሄድ ማኅበሩን ለእኔ ትቶልኝ ነው የሄደው።

አንቺ አራስ ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ምን ብለሽ ነው ከውጭ የምትቀሪው? እመቤታችንም ወልዳ የመንጻቷ ወራት እስኪፈጸም ቆይታ ነው ልጇን ይዛ ቤተ መቅደስ የሄደች። ቅዱስ ሉቃስ ጽፎታል። እዚያ ስትደርስ ደግሞ ማን ጠበቃት? ስምዖን አረጋዊና ሐና ነቢይት። ሽማግሌና አሮጊት፣ ሲጠብቁ የኖሩ። ሐና ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ በጾምና በጸሎት ከመቅደስ አትለይም ነበር። አንቺ ልጅሽን አጥቢ። እኔ ኪዳን ስሄድ ስምሽን ይዤ እሄዳለሁ፣ ላኪልኝ። የልጅሽንም ክርስትና ስትነሣ ንገሪኝ።

እኔም የምጠብቀው አለኝ። ልጄን ድምፁን እሰማለሁ፣ ዓይኑን ካየሁት ግን ዓመታት ሆኑት። ወረቀቱ እስኪወጣ መምጣት አልቻለም። አንዳንድ ቀን ቃል ያጥረኛል። ያኔ ቅጽሩ ውስጥ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ቅዳሴው ለእኔ ሲጸልይልኝ እሰማለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ መቋሚያዬን ተደግፌ ስሙን ብቻ እየጠራሁ ነው የምመለሰው። ዳዊት አላነብም ልጆቼ፣ ፊደል አልቆጠርኩም። እናንተ ስታነቡ ግን እኔንም አስቡኝ።


የሌሊት ተረኛ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ኅዳር 11)

እናታችን፣ እግዚአብሔር ዓይኑን ያሳይዎት። ዛሬ ሌሊት ስምዎን እጠራለሁ።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዳዊት 15 ንጉሥ ነው አይደል? አንድ ንጉሥ አሥር መዝሙር። እኛ በመዝገብ 30 ያህል ነን። አንዱን ንጉሥ ሁለት ሁለት ሆነን ብንይዘው ለአንድ ሰው አምስት መዝሙር ይደርሰዋል። ሁላችንም የራሳችንን በየቀኑ ካልን ማኅበሩ በየቀኑ መዝሙረ ዳዊትን ይጨርሳል ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይሉ የለ? የወልደ ዳዊትም ነገር ይፈጸማል፣ የእኛም አቅም ይጠበቃል።


ወልደ ዳዊት፣ ፍራንክፈርት (ኅዳር 11)

ይህንን ወድጄዋለሁ። በሳምንት ያልኩት እንኳ በቀን ሊሆን ነው።

የሪያዷን እኅታችንን ካነበብኩ ጀምሮ ስለ ስምዖን ጫማ ሰፊው ሳስብ ነው የዋልኩት። ከ44ቱ ቀናት ሦስቱ የእርሱና የአባ አብርሃም ሶርያዊ መታሰቢያ ናቸው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፁ ገዥ የሰናፍጭ ታህል እምነት ተራራ ታነሣለች ካላችሁ አሳዩኝ ብሎ ክርስቲያኑን ሲያስጨንቅ፣ ፓትርያርኩ ሦስት ቀን ጾም አወጁ። መልሱ የተገኘው ከጳጳሳቱ ወገን አልነበረም። ገበያ ውስጥ በተገኘ ጫማ ሰፊ ዘንድ ነበር። ታሪኩ እንደሚለው ይህ ሰው በየማለዳው ሥራ ከመግባቱ በፊት ለሕመምተኞችና ለሽማግሌዎች ውኃ እየቀዳ በየቤታቸው ያደርስ ነበር። ካይሮ ያለው የሙቀጠም ተራራ ኪርያላይሶን ሲባል የተነሣው በእርሱ ጸሎት ነው። እርሱ ግን ሕዝቡ መሐል ተሰውሮ ቆሞ ነበር፣ እንዳይታወቅበት።

በእነዚያ ሦስት ቀናት እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰው እንርዳ እላለሁ። ውኃ የሚቀዳለት ባይኖርም መድኃኒት የሚገዛለት አለ። ጠዋት የማንበላውን ቁርስ ብር አድርገን እናውጣው። ማን እንደሰጠ አይጻፍ።


አንድ አባል፣ አዲስ አበባ (ኅዳር 11)

ጥያቄ አለኝ ዲያቆን። ገና ረቡዕ ከዋለ ይበላል እንዴ? ቤት ውስጥ ክርክር ተነሥቶብናል።


ዲያቆኑ (ኅዳር 11)

ይበላል። ልደትና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉ አይጾምባቸውም። ዋዜማውን ገሃድ ጾመነዋል። ዶሮውን ያዘጋጁ።

ለአራሷ እኅታችን፦ ይቆጠርልሻል። እናታችን ከደሴ ከተናገሩት በላይ የምጨምረው የለኝም። የተረፈውን ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ ቤትም ይመጡልሻል።


የማኅበሩ ጸሐፊ (ኅዳር 12)

እንኳን ለኅዳር ሚካኤል በዓል አደረሳችሁ። ክብረ በዓሉን ውዬ አሁን መግባቴ ነው።

እንግዲህ ተስማምተናል። መዝሙር 129 የሁላችንም ነው። ከታኅሣሥ 12 ጀምሮ ዲያቆኑ የጻፈውን የየሳምንቱን ምስባክ እንጨምርበታለን። ዳዊቱን ለሁለት ለሁለት እንካፈለዋለን፣ ስማችሁን ከሥር ጻፉ። የእሑዱ መገናኛ በአዲስ አበባና በሪያድ ማታ 3 ሰዓት፣ በፍራንክፈርት ማታ 1 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ዋሽንግተኖች በእናንተ ሰዓት አንድ ሰዓት መሆኑ ነው፣ ከቅዳሴ ስትወጡ መኪና ውስጥ ሆናችሁም ግቡ። መግባት ለማይችሉ በድምፅ ተቀድቶ ይላካል። እስካሁን የደረሱኝን የክርስትና ስሞች እሑድ አነባቸዋለሁ፣ ጉዳያቸውን ሳልጠቅስ።

ከ111 እስከ 120 ያለውን ማን ይወስዳል? 118 እዚያ ውስጥ ነው፣ 176 ቁጥር አለው። ሳታዩ እንዳትመዘገቡ።


ወልደ ዳዊት፣ ፍራንክፈርት (ኅዳር 12)

እኔ ብቻዬን እወስደዋለሁ።


አራስ ቤት (ኅዳር 12)

ከ21 እስከ 25 ለእኔ ያዙልኝ። 22ን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ሌሊት መብራት ሳላበራ እለዋለሁ።


ከሪያድ (ኅዳር 13)

ድምፁ ደርሶኛል። እስከ አራተኛው ቁጥር ይዤዋለሁ። የእናታችንን የደሴዋን ስምም ላኩልኝ።